የሚካን ልምምድ ምንድን ነው?

የሚካን ልምምድ በቅርጫት ኳስ ስፖርት በቅርጫቱ ሥር ቆሞ፣ ኳሱን ሳያነጥሩ፣ በቀኝና በግራ እጅ እያፈራረቁ በተከታታይ የማግባት ልምምድ ነው። ተጫዋቹ ከቅርጫቱ በስተቀኝ በግራ እግሩ ይነሣና በቀኝ እጁ ኳሱን ከቅርጫቱ ጀርባ ባለው ሰሌዳ ላይ አሳርፎ ያገባል፤ ከመረቡ የሚወርደውን ኳስ መሬት ሳይነካ ተቀብሎ፣ ከትከሻው በታች ሳያወርድ፣ ወደ ግራ ይራመድና በቀኝ እግሩ ተነሥቶ በግራ እጁ ይደግማል። ኳሱ እንዳይወርድ የሚከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ረጅም ሰው ኳሱን ወደ ወገቡ ባወረደ ቁጥር ቁመቱን ለአጭሩ ተከላካይ በገዛ እጁ ያስረክባልና።

ስያሜው የመጣው 2.08 ሜትር ይረዝም ከነበረው አሜሪካዊ ተጫዋች ከጆርጅ ሚካን ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 የዲፖል ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ የሆነው ሬይ ሜየር ያገኘው ወፍራም መነጽር የሚያደርግ፣ እግሩና እጁ ገና ያልተግባቡ ወጣት ነበር። ሜየር ገመድ አዘለለው፣ ያለ ተጋጣሚ ቦክስ አስመታው፣ ዳንስም እንዲማር አደረገው። ዳንሱ ለምን እንዳስፈለገ በጎጃም ሠርግ እስክስታ እየወረደ ላደገ ሰው ማስረዳት አያሻም፤ ምት የገባው አካል መቼ እንደሚነሣና መቼ እንደሚያርፍ ያውቃል፣ በቅርጫቱ ሥር የሚፈለገውም ይኸው ነው። ሚካን ከሚኒያፖሊስ ሌከርስ ቡድን ጋር ከ1949 እስከ 1954 የአሜሪካው ሊግ ኤንቢኤ የሚቆጥራቸውን አምስት ዋንጫዎች ያነሣ ሲሆን፣ እሱን ከቅርጫቱ ለማራቅ ሲባል በ1951 በቅርጫቱ ፊት ያለው፣ አጥቂ ከሦስት ሰከንድ በላይ እንዲቆምበት የማይፈቀድለት ክልል ስፋት ከ1.83 ወደ 3.66 ሜትር ከፍ ተደርጓል።

በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር፣ በዳንግላም ሆነ በሞጣ፣ ረጅም ልጅ ሲገኝ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚታየው ምን ያህል እንደሚዘል ነው። ይህ አመዛዘን በእኔ እምነት ልጆችን ይጎዳል፤ ምክንያቱም ቁመት ተሰጥቶ የሚመጣ፣ ዝላይም ከዕድሜ ጋር የሚቀንስ ሲሆን፣ ለስላሳ እጅና የተስተካከለ እርምጃ ግን በድግግሞሽ የሚሠሩና ከተሠሩ በኋላ በቀላሉ የማይጠፉ ናቸው። በዝላዩ ፈጽሞ የማይታወቀው ሰርቢያዊው ኒኮላ ዮኪች ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚወስዱበት የ2014 የኤንቢኤ ምርጫ 41ኛ ሆኖ ተመርጦ፣ በ2021፣ በ2022 እና በ2024 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሏል። ዝላይ አይጠቅምም ለማለት ግን አልደፍርም። ናይጄሪያዊው ሐኪም ኦላጁዋን ፈጣንም ዘላይም ነበር፤ ሆኖም የሂውስተንን ቡድን በ1994 እና በ1995 ለዋንጫ ሲያበቃ ተከላካዮችን ያሳሳተው በልጅነቱ የእግር ኳስ በረኛና የእጅ ኳስ ተጫዋች ሆኖ ያዳበረው የእግር ቅልጥፍና ጭምር ነው።

ልምምዱን የሚጀምር ልጅ ፍጥነትን ትቶ እርምጃውን ያስተካክል፤ ደካማው እጅ እስኪለምድ ድረስም ኳሱ በሰሌዳው ላይ የሚያርፍበትን ቦታ በዓይኑ ይከተል። ይህ ሲደላደል ጀርባን ለሰሌዳው ሰጥቶ ኳሱን በራስ ላይ አሻግሮ ወደሚያገቡበት ዓይነት ይሻገራል፤ እዚያ ዓይን ቅርጫቱን የሚያየው ለቅጽበት ብቻ ስለሆነ ይበልጥ ይከብዳል። አንድ ኳስና አንድ ቅርጫት ይበቃሉ። በክረምት የሲሚንቶው ሜዳ በዝናብ ሲያንሸራትት ደግሞ የገመድ ዝላዩንና የእርምጃ ልውውጡን ያለ ኳስ በጣሪያ ሥር መሥራት ይቻላል፤ ሜየርም የሚካንን እግር ያሠለጠነው በከፊል በእንዲህ ያለ ኳስ በሌለበት ሥራ ነበር።