«ፓርኩን የሞሉት ሴቶች አይደሉም እንዴ?»

ሐዋሳ ላይ ሴቶች በሥራ ቦታ እኩል አይታዩም የሚል ወሬ ከተነሳ ይቺ ጥያቄ አትቀርም። ማታ ማታ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚወጣውን ሰው ያየ ሁሉ ይጠይቃታል። እውነት ነው፤ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ጀምሮ ስፌት ላይ የሚሠሩት በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹ ከሲዳማና ከወላይታ ገጠር የመጡ። ግን ብዛት የሚነግረን በበሩ ማን እንደገባ ነው። ማን እንዳደገ አይነግረንም።

አሜሪካዊቷ ሶሲዮሎጂስት ክሪስቲን ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመችው ጥናት ሴቶች የሚበዙባቸውን ሙያዎች አየች፤ ነርስነትን፣ የአንደኛ ደረጃ መምህርነትን፣ የቤተ መጻሕፍት ሥራን። እዚያ የገቡት ጥቂት ወንዶች ወደ ኃላፊነት እየተገፉ ይወጡ ነበር። ነገሩን «የመስታወት ተንቀሳቃሽ ደረጃ» አለችው። ስለዚህ የስፌት መስመሩን ብቻ አትቁጠሩ። ሱፐርቫይዘሩን፣ መካኒኩን፣ ማናጀሩንም ቁጠሩ።

«ከወለደች በኋላ ልቧ ሥራ ላይ አይሆንም።»

ከሁሉም የሚያመኝ ይሄ ነው። የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉማ፤ ከልባቸው ያምኑበታል። ሼሊ ኮሬል የተባለች ሶሲዮሎጂስት ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመችው ጥናት ይህንኑ ፈትኗል። ለገምጋሚዎች በችሎታ እኩል የሆኑ የሥራ አመልካቾች ቀረቡላቸው። ልዩነቱ አንዷ እናት መሆኗ ከማመልከቻዋ መታወቁ ብቻ ነበር። ለእናቲቱ የታሰበላት መነሻ ደሞዝ በዓመት 11 ሺህ ዶላር ገደማ አነሰ። ችሎታዋንም ትጋቷንም ዝቅ አድርገው ገመቱ። አንድ ቀን እንኳ ስትሠራ ሳያዩዋት! ወንዶቹስ? አባት መሆናቸው አልጎዳቸውም፤ እንዲያውም የተሻለ ደሞዝ ታሰበላቸው።

ጥናቱ የአሜሪካ ነው። ግን እዚህም ቃለ መጠይቅ የገባች ልጅ «አግብተሻል? ለመውለድስ አስበሻል?» መባልን ታውቀዋለች። ወንድሟን ማንም እንዲህ አይጠይቀውም።

«ሴት እንዳትቀጠር ያደረጋት የ120 ቀኑ ፈቃድ ነው።»

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ 30 ቀን ከመውለዷ በፊት፣ 90 ቀን ከወለደች በኋላ፣ ከነደሞዟ ይሰጣል። ለአባት ግን 3 ቀን ብቻ። እኔ ችግሩ የሚታየኝ እዚች 3 ላይ ነው። አባትም ሕፃኑን ይዞ ቤት የሚቆይ ቢሆን ኖሮ አሠሪው ወጣት ሴት ሲያይ ብቻ ቀን መቁጠር አይጀምርም ነበር።

«ወንድ ቤተሰብ ያስተዳድራል፤ ቅድሚያ ለሱ ነው።»

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴቶች በቅጥር፣ በእድገትና በክፍያ እኩል መብት አላቸው ይላል። ደግሞስ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ማነው? የፓርኩን ልጆች ጠይቋቸው። ለሦስት ለአራት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው፣ ከዚያችው ደሞዝ ላይ ለታናናሾቻቸው ደብተር መግዣ፣ ለእናታቸው መታከሚያ ወደ አገር ቤት የሚልኩት እነሱ ናቸው።