ኖርዲክ ኑዋር ምንድን ነው? መንገድ ሲዘጋ የሚጀምረው ወንጀል

አይስላንዶች «ኦፋይርድ» የሚሉት ቃል አላቸው። መንገዱ በበረዶ ተሞልቶ መኪና አላሳልፍ ሲል ማለት ነው። ክረምት ላይ ከቤቱ ሊወጣ የተነሳ ሰው ሁሉ የሚጠነቀቀው ተራ ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ባልታሳር ኮርማኩር የተባለ የአገሩ ፊልም ሠሪ ይህንኑ ቃል የአንድ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ስም አደረገው።

ታሪኩ እንዲህ ይነሳል። ከዴንማርክ የተነሳ የመንገደኞች መርከብ በምሥራቅ አይስላንድ ወዳለች ትንሽ ከተማ ይደርሳል። በዚያው ሰሞን ከባሕሩ ውስጥ ሬሳ ይወጣል። ጭንቅላትም፣ እጅና እግርም የለውም። መርማሪዎች ከዋና ከተማዋ ከሬይክያቪክ መምጣት ነበረባቸው። ግን ውሽንፍር ተነሳ። መንገዱ ተዘጋ። ጉዳዩም በትንሿ ከተማ ፖሊሶች እጅ ላይ ወደቀ።

ኖርዲክ ኑዋር፣ ማለትም የሰሜን አውሮፓ አገሮች የወንጀል ልብ ወለድና ድራማ፣ ምን እንደሆነ ለሚጠይቀኝ ሰው ከዚህች ቃል ነው የምጀምርለት።

ስሙን ቶሎ እንለፈው። «ኑዋር» በፈረንሳይኛ ጥቁር ማለት ነው። ኖርዲክ የሚባሉት ስዊድን፣ ኖርዌይ፣ ዴንማርክ፣ ፊንላንድና አይስላንድ ናቸው። ይህን ስም ያስለመደው በተለይ የእንግሊዝኛው ዓለም አንባቢና ተመልካች ነው። ኖርዌዮች በራሳቸው ቋንቋ «ክሪም»፣ ወንጀል፣ ብለው ነው የሚያልፉት። መሠረቱን የጣሉት ደግሞ ማይ ሾቫልና ፔር ቫሎ የሚባሉ ስዊድናውያን ጥንዶች ናቸው። ከ1965 እስከ 1975 አብረው 10 ልብ ወለድ ጻፉ። መርማሪያቸው ጀግና አይደለም። ጉንፋን የማይለቀው፣ ትዳሩም የቀዘቀዘበት ሰው ነው። ጥንዶቹ ገዳዩን በማስያዝ ብቻ አልቆሙም። ሁሉ የተሟላለት የሚመስል አገር ይህን ሰው እንዴት አበቀለው ብለው ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ጸሐፊዎች ይህን ጥያቄ አልተዉትም።

የጥንዶቹ ታሪክ በአብዛኛው የሚሄደው በትልቅ ከተማ፣ በስቶክሆልም ነው። እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ቅርንጫፍ ነው። ጥያቄውን ይዞ ወደ ደሴት፣ ወደ ተራራ ሥር መንደር የሄደው።

ሲግሉፍዮርዱርን ውሰዱ። በአይስላንድ ሰሜን ጫፍ ያለች ከተማ ናት። 1,200 ያህል ሰው ይኖርባታል። ሦስቱን አቅጣጫ ተራራ ከቧታል፣ በአራተኛው ባሕር ነው። በ1967 ዋሻ እስኪከፈትላት ድረስ በመኪና የሚገባባት በተራራው አናት ላይ ነበር። ያም መንገድ ክረምቱን በበረዶ ይዘጋል። ሁለተኛው የዋሻ መንገድ የተከፈተው በ2010 ነው። ድሮ ሄሪንግ በሚባለው ዓሣ የከበረች ከተማ ነበረች። በ1960ዎቹ መጨረሻ ዓሣው ጠፋ፣ ሰዉም እየለቀቀ ሄደ።

አይስላንዳዊው ጸሐፊ ራግናር ዮናሶን የመጀመሪያውን የዚህች ከተማ ልብ ወለዱን ያወጣው ሁለተኛው ዋሻ በተከፈተበት ዓመት ነው። ራግናር የሕግ ባለሙያ ነው። አባቱ ያደገው እዚያው ነው፣ አያቱም የከተማዋን ታሪክ የጻፉ ሰው ናቸው። እሱ ራሱ ገና በ17 ዓመቱ የእንግሊዛዊቷን የወንጀል ጸሐፊ የአጋታ ክሪስቲን መጻሕፍት ወደ አይስላንድኛ መተርጎም ጀምሮ 14ቱን ተርጉሟል። ስለዚህ የተዘጋ ቤት ውስጥ የሚፈጸም ግድያን አሠራር አብጠርጥሮ ያውቃል። በክሪስቲ ዘንድ ግን በሩ የሚዘጋው ለጨዋታው ሲባል ነው። እንግዶቹም ታሪኩ ሲያልቅ ወደየቤታቸው ይበተናሉ። ሲግሉፍዮርዱር ውስጥ የሚበተን የለም። ሁሉም ቤቱ ነው ያለው።

ለእኔ የዚህ ጽሑፍ ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው በረዶው ነው፣ ጨለማው ነው ይላል። ጨለማውማ አለ። ስቶክሆልም የሚኖሩ ወገኖቻችን ታኅሣሥ ላይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ስትጠልቅ ያውቁታል። ግን ጨለማ ብቻውን ታሪክ አይሆንም። መንገድ ሲዘጋ ፖሊሱ ጎረቤት ሆኖ ይቀራል። የሚጠረጥረው ሰው ዳቦ የሚሸጥለት፣ ልጁን የሚያስተምርለት ሰው ነው። የሚጠይቃት ሴት ነገ በር ላይ ታገኘዋለች። እያንዳንዱ ጥያቄ ዋጋ ያስከፍላል።

እዚህ ላይ እኛን በቀጥታ የሚያገናኝ ነገር አለ። አይስላንዶች በአብዛኛው እንደ እኛ የቤተሰብ ስም የላቸውም። ዮናሶን ማለት የዮናስ ልጅ ማለት ነው። ኢርሳ ሲጉርዳርዶቲር የምትባለው ሌላዋ ታዋቂ የወንጀል ጸሐፊ የሲጉርዱር ልጅ ናት። የስልክ ማውጫቸው ይደረደር የነበረው በራስ ስም ነው። ፕሬዝዳንታቸውንም በራስ ስም ነው የሚጠሩት። ከእኛ የሚለዩት በአንድ ነገር ነው። አንቱታ ከዕለት ንግግራቸው ጠፍቷል። ፖሊሱ ሽማግሌውን ተጠርጣሪ «አንተ» ይለዋል፣ ሽማግሌውም መልሶ «አንተ» ይለዋል። በአማርኛ ሆኜ ሳስበው ይህ ቅርበት ምርመራውን የበለጠ ያከብደዋል። ከማዕረግ ጀርባ መደበቅ አይቻልም።

ሁለተኛው ነገር የሞት ክብደት ነው። አይስላንድ በጠቅላላው ከ400 ሺህ ያነሰ ሕዝብ ያላት አገር ናት። በዓመት የሚፈጸመው ግድያ ብዙውን ጊዜ በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራል። ፖሊሶቿ በመደበኛ ሥራ ላይ ሽጉጥ አይታጠቁም። በ2013 ፖሊስ አንድ ሰው ተኩሶ ገደለ። በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያው ነበር፣ ፖሊስም ለሟቹ ቤተሰብ ሐዘኑን ገለጸ። እንዲህ ባለ አገር አንድ ሬሳ አንድ መጽሐፍ ሙሉ ይበቃል። ሰውዬው ማን እንደነበር፣ ማንን እንዳስቀየመ፣ ማን እንደሚያለቅስለት ይነገራል። በየገጹ ሰው የሚረግፍበትን ወንጀል ማንበብ የሰለቸኝ ሰው ስለሆንኩ ይህን አጥብቄ እወደዋለሁ።

ይህ ጽሑፍ ለአይስላንዶች ለራሳቸውም ቀልድ አይደለም። ከ2017 እስከ 2024 ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረችው ካትሪን ያኮብስዶቲር የማስተርስ ጥናቷን የጻፈችው ስለ አገሯ የወንጀል ልብ ወለድ ነው። በ2022 ደግሞ፣ ሥልጣን ላይ እያለች፣ ከራግናር ጋር አንድ ልብ ወለድ አሳተመች። ምሥጢሩ ከሬይክያቪክ ፊት ለፊት ካለች ትንሽ ደሴት ስለጠፋች ወጣት ነው። ያቺም ደሴት መውጫዋ በጀልባ ብቻ ነው።

ኖርዌዮች ጋ ስንሄድ ደግሞ የሚገለለው አንባቢው ነው። «ፖስከክሪም» ይሉታል፣ የፋሲካ ወንጀል። ነገሩ የጀመረው በ1923 ነው። ኑርዳል ግሪግና ኒልስ ሊ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ስለ ባቡር ዝርፊያ ልብ ወለድ ጻፉ። አሳታሚው በሆሳዕና ዋዜማ የመጽሐፉን ርዕስ አፍተንፖስተን ጋዜጣ የፊት ገጽ ላይ እንደ ዜና አስወጣው። የበርገን ባቡር ሌሊት ተዘረፈ የሚል ነበር። ማስታወቂያ መሆኑ በትንሹ ነው የተጻፈው። ያ ባቡር በፋሲካ ወደ ተራራ የሚወጣ ሰው የሚሞላው ነው። ብዙ አንባቢ እውነት መሰለው። መጽሐፉ ተሸጠ፣ ልማዱም ጸንቶ ቀረ። ዛሬም ፋሲካ ሲደርስ የመጻሕፍት ቤቶች መስኮት በወንጀል ልብ ወለድ ይሞላል። በወተት ካርቶን ላይ ሳይቀር አጭር የምርመራ ታሪክ በሥዕል ይታተማል። ሰዉም መጽሐፉን ይዞ ተራራ ላይ ወዳለ የእንጨት ጎጆው ይወጣል። አገሪቱ እንዲህ ያሉ የእረፍት ቤቶች ከ400 ሺህ በላይ አሏት። ውጭ በረዶ፣ ውስጥ እሳት፣ እጁ ላይ ደግሞ መንገድ የተዘጋባቸው ሰዎች ታሪክ።

መንገዱ ሲከፈትስ? ደህናዎቹ ጸሐፊዎች የሚለዩት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ከዋና ከተማ የመጣው መርማሪ ሻንጣውን ይዞ ይመለሳል። የከተማዋ ሰው ግን የሚሄድበት የለውም።

ሲግሉፍዮርዱር ውስጥ ከኖቬምበር አጋማሽ ጀምሮ ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ትቀራለች። የምትመለሰው ጃንዋሪ 28 ነው። ያን ቀን በየቤቱ ፓንኬክ ይጋገራል። ራግናርን አንብቤ ስጨርስ የማስበው ስለዚያ ቀን ነው። የሟቹ ቤትም፣ የገዳዩ ቤትም ምጣድ ይጣዳል።