የካንቶንኛው እሾህ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደቡብ ቻይና፣ ጓንግዡ ከተማ ውስጥ ለሚነግዱ ወገኖቼ የአካባቢውን ቋንቋ ካንቶንኛን ሳስተምር አዲስ ተማሪ በመጣ ቁጥር የምሰማት አባባል አለች፦ «የቻይናን ብሔራዊ ቋንቋ ማንዳሪንን ስለምችል ካንቶንኛው የድምፅ ለውጥ ብቻ ነው»። ይህን መስማት ሰልችቶኛል። በእሾህ ላይ ፈጽሞ አይሠራም።

ማንዳሪን እሾህን «ትስ» ይለዋል። ያው ፊደል በካንቶንኛ «ቺ» ተብሎ ይነበባል፤ ቦታው ግን ጽሑፍ ነው። ጓንግዡ ያለችበት የጓንግዶንግ ክፍለ ሀገርም ሆነ የሆንግ ኮንግ ካንቶንኛ ተናጋሪ ሲያወራ እሾህን የሚጠራው «ለክ» ብሎ ነው። ፊደሉም የራሱ ነው፤ ከላይ የቀርከሃ ምልክት አለው፣ ከሥር ደግሞ ድምፁን የሚጠቁም ፊደል።

ማንዳሪን ሁለት ዓመት የተማረ ተማሪዬን አንድ ቀን አበባ ገበያ ይዤው ሄድኩ። የአበባ ማሰሮ ሊያነሳ ሲያጎነብስ ሻጯ አሮጊት «የው ለክ! የው ለክ!» ብለው ጮኹ። እሾህ አለው ማለታቸው ነበር። እሱ ዋጋ የነገሩት መስሎት ግንዱን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ከአውራ ጣቱ ሥር የተሰበረውን እሾህ በመርፌ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አበባው በአዲስ አበባ አጥሮች ላይ የምናውቀው ቡገንቪላ ነበር። ማንዳሪን ተናጋሪዎች በብዛት «ባለ ሦስት ማዕዘን ፕለም» ይሉታል፤ እሾህ የሚል ቃል የለበትም። በካንቶንኛ ግን «ለክ ዶው ግዩን» ነው፣ እሾሃማ አዛሊያ፤ አዛሊያ ሌላ የአበባ ዓይነት ነው። ተማሪዬ ቃሏን ቢያውቅ ኖሮ ስሙ ራሱ ያስጠነቅቀው ነበር።

«ስለዚህ የአዛሊያ ዘመድ ነው» የሚሉም አሉ። አይደለም።

«እሾህ ያለው ተክል ሁሉ ስሙ ላይ ለክ አለ» የሚለውም ስህተት ነው። ጽጌረዳ «ሙይ ጐይ» ናት፤ ቁልቋል መሰሉ ካክተስ ደግሞ «የማይሞተው ሰው መዳፍ» ይባላል።

«ለክ ያለበት አይበላም» ለሚሉኝ፦ ጓንግዶንግ ውስጥ ወዳለችው ኤንፒንግ ከተማ ሂዱ። እዚያ «ለክ ቾይ»፣ ማለትም እሾሃማ ጎመን፣ የሚባለውን ተክል ለጋ ቅጠል ከዓሣ ጋር ሾርባ ይሠሩበታል። መራራ ነው፤ እኔ እወደዋለሁ።

አነጋገሩን አደራ። የእኛ ሰው መጨረሻዋን «ክ» አፍንድቶ ያወጣታል። ጣታችሁን ከንፈራችሁ ፊት አድርጋችሁ ሞክሩ፤ ምላሳችሁ ከኋላ ይዝጋ፣ ትንፋሽ ግን ጣታችሁን አይንካ። ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ ሳታነሱና ሳትጥሉ ያዙት፤ ካንቶንኛ ስድስት የድምፅ ቃናዎች አሉት፣ ይህ ስድስተኛው ነው። «የው» አለው፣ «ሞው» የለውም ማለት ነው። ማሰሮ ከማንሳታችሁ በፊት «የው ሞው ለክ አ?» ብላችሁ ሻጩን ጠይቁ፤ መልሱን እስክትሰሙ ድረስ እጃችሁን ሰብስቡ።