ተጣጣፊ የሠረገላ ጣሪያ ምንድን ነው?

አራት ኪሎ ፀሐይ፣ ፒያሳ ደግሞ ዶፍ በሚሆንበት ከተማ ለሚኖር ሰው ይህን ነገር ማስረዳት ብዙ አያደክምም። ዝናብ ሲመጣ ተስቦ ከራስ በላይ የሚዘረጋ፣ ሲያባራ ደግሞ ወደ ኋላ ታጥፎ ከወንበሩ ጀርባ የሚተኛ ጣሪያ ነው። የሚገጠመው በፈረስ በሚጎተት ጋሪ ወይም ሠረገላ ላይ ነው። መኪና ከመምጣቱ በፊት በአውሮፓና በአሜሪካ ደህና ኑሮ ያለው ሰው ራሱ የሚነዳት ቀላል ሠረገላ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ጣሪያ ነበራት።

የብዙ ሰው ዓይን ቶሎ የሚያርፈው ሸራው ወይም ቆዳው ላይ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሸራው ቀላሉ ጉዳይ ነው። መርካቶ ገብቶ በሜትር ማስቆረጥ ይቻላል። ጣሪያውን ጣሪያ የሚያደርገው ከሥሩ ያለው አጥንት ነው። በተለይ ደግሞ በግራና በቀኝ ያለችው የብረት ክንድ።

ከአጥንቱ እንጀምር። ሸራው የሚወጠረው በቅስቶች ላይ ነው። ቅስት ማለት ከወንበሩ አንድ ጎን ተነስቶ፣ ከተሳፋሪው ራስ በላይ ዞሮ፣ በሌላው ጎን የሚወርድ የታጠፈ እንጨት ነው። ትንሽ ሠረገላ ላይ 2 ወይም 3፣ ሰፋ ያለው ላይ 4 ይሆናሉ። እንጨቱ ጠንካራና ተለማጭ መሆን አለበት። አሜሪካኖቹ ሂከሪ የሚባለውን ዛፍ ይመርጡ ነበር፣ እንግሊዞቹ ደግሞ አሽ የሚባለውን። በእንፋሎት ይታጠናል፣ ሲለሰልስ ቅርጽ ማውጫ ላይ ይታጠፋል፣ እዚያው ታስሮ ይደርቃል። ከደረቀ በኋላ ቅርጹን አይለቅም።

የቅስቶቹ እግሮች መጨረሻ ላይ ጠፍጣፋ ብረት ይታሰርላቸዋል። ብረቶቹ ወንበሩ ጎን ላይ ባለች አንዲት ብሎን ዙሪያ፣ ወይም እጅግ በተቀራረቡ ቦታዎች ላይ ይሰካሉ። ስለዚህ ሁሉም ከአንድ ቦታ ተነስተው ወደ ፊት ይበተናሉ፣ ወደ ኋላ ሲመለሱም ተደራርበው ይተኛሉ። ርዝመታቸው ትንሽ ትንሽ የሚለያየውም ለዚህ ነው። እኩል ቢሆኑ ሲታጠፉ እርስ በርስ ይጋጩ ነበር።

አሁን ወደ ክንዷ። ክንዷ ከፊተኛው ቅስት ወደ ኋለኛው የምትሄድ፣ መሃሏ ላይ ማጠፊያ ያላት ብረት ናት። ስትታጠፍ ቅስቶቹ ይሰበሰባሉ። ስትዘረጋ ይራራቃሉ፣ ሸራውም ይወጠራል። እስከዚህ ድረስ ማንም በያጅ ያውቀዋል። ዘዴው ያለው መጨረሻው ላይ ነው። ክንዷ ልክ ቀጥ ባለችበት ቦታ አትቆምም። ቀጥ ካለች በኋላ ጥቂት ታልፋለች፣ የጣት ውፍረት እንኳ ላይሞላ ይችላል። እዚያ ላይ ማቆሚያ ብረት ይይዛታል።

ይህች ጥቂት ማለፍ ናት ሥራውን ሁሉ የምትሠራው። የተወጠረው ሸራ ቅስቶቹን መልሶ ለመሰብሰብ ይጎትታል። ክንዷ ቀጥታውን መስመር ባታልፍ ኖሮ ሠረገላው ጉድጓድ ላይ በነጠረ ቁጥር ታጥፋ ጣሪያው ራስ ላይ ይወርድ ነበር። ካለፈች ግን ያው ጉተታ ይበልጥ ወደ ማቆሚያው ይጫናታል። ጣሪያውን ለመጣል የሚታገለው ጉልበት ራሱ ይቆልፈዋል ማለት ነው። መቆለፊያ የለ፣ ገመድ የለ። ለማውረድ ሲፈለግ የክንዷን መሃል ከሥር በመዳፍ ገፋ ማድረግ ነው። መስመሩን ወደ ላይ ስታልፍ ጣሪያው መውረድ ይጀምራል። ያኔ በእጅ ይዞ ቀስ ማድረግ ያስፈልጋል፣ ካልሆነ ቅስቶቹ ተጋጭተው ይሰነጠቃሉ።

ይህን በዓይን ለማየት ሠረገላ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም። ቅዳሜ ከሰዓት ወዳጅነት ፓርክ ግቡና የሕፃን ጋሪ የሚገፉ ወላጆችን ተመልከቱ። እናትየው ፀሐዩ ልጇ ፊት ላይ ሲመጣ ክዳኑን ወደ ፊት ትስበዋለች። አንዳንዱ ጋሪ ጎኑ ላይ ትንሽ ክንድ አለችው። በአውራ ጣቷ ጫን ስታደርጋት ቀጭ ትላለች፣ ሸራውም ቀጥ ብሎ ይወጠራል። ያቺ ቀጭ ክንዷ መስመሩን ስታልፍ የምትሰማ ድምፅ ናት። ሁሉም የሕፃን ጋሪ እንዲህ አይደለም፣ ርካሾቹ በጥርስ ብቻ የሚይዙ ናቸው።

ዝምድናው እውነተኛ ነው። በ1733 እ.ኤ.አ. ዊልያም ኬንት የተባለ እንግሊዛዊ አርክቴክት ለዴቨንሺር መስፍን ልጆች ትንሽ ሠረገላ ሠራ። የምትጎተተው በሰው ሳይሆን በፍየል ወይም በትንሽ ፈረስ እንድትሆን ነበር። በኋላ ዘመን የመጡት ባለ ትልልቅ ጎማ የእንግሊዝ የሕፃን ጋሪዎችም ክዳናቸውን ከነክንዱ ከሠረገላ ሠሪዎች ወርሰዋል።

ጣሪያው የሚስተካከል ነው ሲባል ታዲያ መዘርጋትና መታጠፍ ብቻ ማለት አይደለም። ፊተኛውን ቅስት ብቻ መልሶ ግማሽ ጥላ ማድረግ ይቻላል። የኋላው መጋረጃ ተጠቅልሎ በጠፍር ይታሰርና ነፋስ ይገባል። ዝናቡ ከጎን የሚመታ ከሆነ የጎን መጋረጃዎች በቁልፍ ይያያዛሉ። ከጉልበት በታች ላለው ደግሞ እንደ ሽርጥ የሚዘረጋ ውሃ የማያስገባ ልብስ አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ከወንበር ሳይነሱ ጣሪያውን በማንሻ ለማውጣትና ለማውረድ የተፈለሰፈው ዘዴ ብዙ ነው። ፈጠራውን አደንቃለሁ፣ ግን መንገድ ላይ ዝናብ ሲይዘኝ የምመርጠው በእጅ የምትገፋዋን ተራ ክንድ ነው።

ለነፋስም ማሰብ ያስፈልጋል። የተዘረጋ ጣሪያ ፊቱ ክፍት ስለሆነ ነፋስ ከፊት ሲመጣ ውስጡ ይሞላል። ያንን የሚጎትተው ፈረሱ ነው። ስለዚህ ዝናብ በሌለበት ነፋሻ መንገድ ላይ ጣሪያውን ማውረድ ለእንስሳው ማዘን ነው። አወራረዱ ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፈረስ ከጀርባው ድንገት የሚንቀሳቀስ ጥቁር ነገር ካየ ይደነብራል። የሠረገላ ፈረሶች ዓይናቸው ጎን ላይ መከለያ የሚደረግላቸው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፣ ከኋላቸው የሚሆነውን እንዳያዩ። ጠንቃቃ ነጂ ጣሪያውን የሚነካው አንድ ሰው ልጓሙን ይዞለት ነው።

የጣሪያውን ልብስ በተመለከተ መጀመሪያ ቆዳ ነበር። ቆዳ ያምራል፣ ይከብዳል፣ እንክብካቤም ይፈልጋል። ርካሽ አማራጩ የዘይት ቅብ የጠጣ ጨርቅ ነበር። ከዚያ ጎማ የተቀባ ጨርቅ መጣ። ጥሬ ጎማ በሙቀት ይለጠፋል፣ በብርድ ይሰነጠቃል። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር ጎማን ከሰልፈር ጋር በሙቀት አብስሎ የሚያጸናበትን ዘዴ በ1844 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ካወጣበት በኋላ ነው ጨርቁ ለሠረገላ ጣሪያ የሚታመን የሆነው።

እንክብካቤው ላይ አንድ ሕግ አለ፣ ብዙ ሰው ግን ይጥሰዋል። እርጥብ ጣሪያ አይታጠፍም። ዝናቡ አባራ ተብሎ ወዲያው ከታጠፈ ውሃው እጥፋቱ ውስጥ ይቀራል። ቆዳው ይሻግታል፣ ጨርቁ ይበሰብሳል፣ ብረቱም ይዝጋል። በተለይ እንደኛ ነሐሴ ባለ ወር ነገሩ ቀናት አይፈጅበትም። ሠረገላው ለረጅም ጊዜ ሲቆምም ጣሪያው ተዘርግቶ ነው መቆም ያለበት። የትኛውም ልብስ መጀመሪያ የሚቀደደው ሁልጊዜ በሚታጠፍበት መስመር ላይ ነውና። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ደግሞ ፀሐዩ ራሱ ሸራ ይጨርሳል።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ዝናብና ስለ ፀሐይ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ተጣጣፊ ጣሪያ የተወደደው ለዝናብ ብቻ አይደለም። ለመታየት ነው። ባለጠጋና ባለሥልጣን ሕዝብ እንዲያየው ይፈልጋል፣ ልብሱ እንዲበሰብስ ግን አይፈልግም። ለዚህ የተሠራው ትልቁ መልስ ላንዶ የሚባለው ሠረገላ ነው። ስሙን ያገኘው ከጀርመኗ ላንዳው ከተማ ነው። ተሳፋሪዎቹ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ከፊትም ከኋላም አንድ አንድ ተጣጣፊ ጣሪያ አለ፣ ሁለቱ ተዘርግተው መሃል ላይ ይገጥማሉ። ሲዘጋ ሙሉ ቤት ነው። ሲከፈት ደግሞ ከወገብ በላይ ያለው ሰው ሁሉ ለሕዝብ ይታያል።

የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት እስከ ዛሬ ይጠቀምበታል። በ2011 እ.ኤ.አ. ልዑል ዊልያምና ሙሽሪቱ ከዌስትሚኒስተር ገዳም የወጡት በ1902 እ.ኤ.አ. በተሠራው የመንግሥት ላንዶ ነበር። ጣሪያው ወርዶ፣ እጃቸውን እያወዛወዙ። ዝናብ ቢመጣስ? ለዚያ ዝግ ሠረገላ ተዘጋጅቶ ነበር።

የእኛም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጥቅምት 1947 ዓ.ም. ለንደን ሲገቡ ከንግሥት ኤልሳቤጥ ጋር በክፍት ሠረገላ ነው የሄዱት። ንግሥቲቱ በበኩሏ በ1957 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጣች፣ እዚህም ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በፈረስ ሠረገላ ላይ ተቀምጣ ሕዝቡ መሃል አለፈች። ጉብኝቱ የዋለው ጥር መጨረሻ ላይ ነው። ወሩን የመረጠ ሰው የአዲስ አበባን ሰማይ ያውቃል። ሐምሌ ቢሆን ኖሮ የሚታየው ጣሪያ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ተራው ጋሪያችንስ? ከጣሊያን ወረራ በኋላ ባሉት ዓመታት ጋሪ የአዲስ አበባ ታክሲ ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬ መሃል ከተማው ላይ የለም። ቢሾፍቱን ወደመሰሉ ከተሞች ስትወጡ ግን ታገኙታላችሁ፣ ጣሪያውም አብዛኛውን ጊዜ የማይታጠፍ ነው። አራት ቋሚ፣ ከላይ ሸራ፣ አለቀ። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት የሚያይ ሰው አለ፣ እኔ ግን ባለጋሪው ትክክል ነው ባይ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሚውል ሰው ጣሪያውን የሚያወርድበት ጊዜ የለውም። የሚታጠፍ ነገር ሁሉ ማጠፊያ አለው፣ ማጠፊያ ደግሞ መጀመሪያ የሚበላሸው ቦታ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። የእኛ ጋሪ ሁለት ጎማ ነው። ሁለት ጎማ ላይ ሚዛን ሁሉ ነገር ነው። ክብደቱ ወደ ፊት ካመዘነ የፈረሱ ጀርባ ላይ ይጫናል። ወደ ኋላ ካመዘነ ደግሞ በፈረሱ ግራና ቀኝ ያሉት የጋሪው እንጨቶች ወደ ላይ ይነሱና የሆዱን ጠፍር ያጠብቁበታል። ተጣጣፊ ጣሪያ ሲወርድ ክብደቱ ከወንበሩ ጀርባ፣ ሁለቱን ጎማዎች ከሚያገናኘው ዘንግ ኋላ ይሄዳል። አራት ጎማ ባለው የአሜሪካ ሠረገላ ይህ ምንም አይደለም። ሁለት ጎማ ላይ ግን ነጂው ራሱ ወደ ፊት ጠጋ ብሎ ማካካስ አለበት።

መኪናው ሲመጣ ይህን ሁሉ እንዳለ ወረሰው። በ1908 እ.ኤ.አ. የወጣው ፎርድ ሞዴል ቲ ሸራው በእንጨት ቅስቶች ላይ የተወጠረ ተጣጣፊ ጣሪያ ነበረው። ሞተሩ አዲስ፣ ጣሪያው የሠረገላ። ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን የአሜሪካ የሬሳ መኪና ነው። ብዙዎቹ የኋላ ጎናቸው ላይ የተጠማዘዘ የሚያብረቀርቅ ብረት ተለጥፎባቸዋል። ያቺ ብረት የላንዶ ሠረገላ ክንድ ናት። ጣሪያው ግን ቆርቆሮ ነው፣ ፈጽሞ አይታጠፍም። ለጌጥ ብቻ ቀርታለች።

ለሰርግ ወይም ለመዝናኛ ሠረገላ የምታሠሩ ካላችሁ በያጁን የምትነግሩት ይህን ነው። ቅስቱን በቀጭን ቱቦ ብረት ይሥራ፣ ከባድ ቱቦላሬ አይጠቀም። የሁሉንም እግር በተቻለ መጠን ወደ አንድ ብሎን ያምጣ። ክንዷ ላይ ማቆሚያውን ከመበየዱ በፊት ሸራው ተወጥሮ ይለካ፣ ሸራ ሳይኖር የተለካ ማቆሚያ ሁልጊዜ ይሳሳታል። ስትረከቡም ጣሪያውን ዘርግታችሁ ኮብል ስቶን ላይ ባዶውን አስነዱት። ክንዷ ከተንኳኳች ሸራው ላልቷል። ከታጠፈች ደግሞ ማቆሚያው መስመሩን እንድታልፍ አልፈቀደላትም፣ ተፈትቶ እንደገና ይበየድ።