ሌንሱ ላይ ያለው «4-5.6» ምን ማለት ነው?

ርካሽ ዙም ሌንስ ሲገዛ ብዙ ሰው የሚያየው «55-250 ሚሜ» የሚለውን ነው። እሱ ቀላል ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ሩቁ ይቀርባል። ግራ የሚያጋባው አጠገቡ ያለው «4-5.6» ነው።

ይህ የሌንሱ ቀዳዳ ቢበዛ ምን ያህል እንደሚከፈት ይናገራል። የሚገርመው ነገር፣ ቁጥሩ ሲያንስ ነው ቀዳዳው የሚሰፋው። 55 ላይ እስከ 4 ይከፈታል፤ 250 ላይ ግን ከ5.6 በላይ አይሰፋም። በ5.6 የሚገባው ብርሃን በ4 ከሚገባው ግማሽ ያህል ነው። በጠራራ ፀሐይ ኳስ ጨዋታ ለሚያነሳ ችግር የለውም። ማታ አዳራሽ ውስጥ ሰርግ ለሚያነሳ ግን ጣጣ ነው፦ ወይ ካሜራው ብርሃን ለመሰብሰብ ረዘም ስለሚል የሚንቀሳቀሰው ነገር ይደበዝዛል፣ ወይ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ሲጨመር ነጠብጣብ ይበዛል።

ካኖን «አይኤስ»፣ ኒኮን «ቪአር» የሚሉት መንቀጥቀጥ መከላከያም እዚህ ብዙ አያድንም። የእጅዎን መንቀጥቀጥ እንጂ የሚጨፍረውን ሙሽራ አያቆምም። ቢሆንም ሩቅ ሲያነሱ ያስፈልጋል። ርካሹ የካኖን 75-300 ሦስተኛ ትውልድ ይህ የለውም። ዋጋው ቢያጓጓም እኔ የካኖንን 55-250 እመርጣለሁ። ካሜራዎ ፉል ፍሬም (ምስል የሚቀበለው ሴንሰሩ ትልቅ የሆነ) ከሆነ ግን ይተዉት፣ አይገጥምም።