የብላክ ሆል ንፋስ ምንድን ነው? ጋላክሲ «ገደለ» ሲባልስ?

«ብላክ ሆሉ ጋዙን ተፍቶ ጋላክሲውን ገደለው።» ይህችን ዓረፍተ ነገር አንድ ጊዜ እንኳ ሳላያት የማልፍበት የጋላክሲ ዜና ጠፋ!

በጋላክሲ መሃል ያለው ብላክ ሆል፣ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው ግዙፍ የስበት ጉድጓድ፣ የዋጠውን አይተፋም። ንፋስ የሚሉት ወደ ውጭ የሚነፍስ ጋዝ የሚነሳው ገና ካልተዋጠው፣ ዙሪያውን እየተሽከረከረ ከሚግለው ጋዝ ነው። ይሁን፣ እሱን እንለፈው። እኔን የሚያበግነኝ ሌላው ነው፦ «ገደለ» ሲሉ ኮከብ መውለዱን አስቆመ ማለታቸው ነው፤ ንፋስ ታየ ማለት ግን ኮከብ መወለዱ ቆመ ማለት አይደለም።

ማርካሪያን 231ን እንይ። በ2010 የወጣ ጥናት ከዚህ ጋላክሲ በዓመት 700 ፀሐይ ገደማ የሚመዝን ቀዝቃዛ ጋዝ እየወጣ እንደሆነ ገመተ። ጉድ ያሰኛል። ግን ይኸው «ሟች» በዓመት ከ100 ፀሐይ በላይ የሚመዝኑ ኮከቦች ይወልዳል። የኛው ሚልኪ ዌይ ሁለት ያህል ነው የሚወልደው።

ጋላክሲን ቧንቧ እንደሚሞላው በርሜል አስቡት። ውሃው ኮከብ የሚሠራበት ቀዝቃዛ ጋዝ ነው። ቧንቧው ከውጭ ቀዝቅዞ የሚገባው አዲስ ጋዝ የሚመጣበት። ንፋሱ ደግሞ በጣሳ እየጨለፈ የሚደፋ ሰው። ቧንቧው ክፍት ከሆነ ቢጨልፍ ቢጨልፍ በርሜሉ ላይደርቅ ይችላል። የሚደፋውም ሁሉ ውጭ አይቀርም፤ ከጋላክሲው ስበት ለማምለጥ ፍጥነት የሚያንሰው ጋዝ ተመልሶ እዚያው ይወድቃል። ቧንቧው ከተዘጋ ግን ጨላፊም አያስፈልግም። ያለውን ውሃ ኮከቦቹ ራሳቸው ይጨርሱታል።

ቧንቧ ሲዘጋ ማየት የፈለገ ፐርሲየስ የጋላክሲ ክላስተርን (በስበት የተያያዙ የጋላክሲዎች መንጋ ነው) ይይ። ክላስተሩን የሞላው ጋዝ በአሥር ሚሊዮኖች ዲግሪ የጋለ ነው። ቻንድራ የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ እዚያ ውስጥ ግዙፍ አረፋዎች አሳይቶናል። ያበጧቸው መሃል ካለው ጋላክሲ፣ ከኤንጂሲ 1275፣ ብላክ ሆል የሚወነጨፉት ጄቶች፣ ማለትም ቀጭንና እጅግ ፈጣን የቅንጣት ጅረቶች፣ ናቸው። ጋዙ በጊዜው መቀዝቀዝ ነበረበት፤ የጄቶቹ ጉልበት ግን እንደጋለ ያቆየዋል። ያልቀዘቀዘ ጋዝ ደግሞ ኮከብ አይሆንም። ማን ጠረገው? ማንም! (ቧንቧው ጥርቅም ብሎ አልተዘጋም፤ ጋላክሲው ዙሪያ ቀዝቃዛ የጋዝ ክሮች አሉ፣ አንዳንዶቹም ኮከብ ይወልዳሉ።)

ጭራሽ ኮከብ የሚያስወልድም አለ። ኤንጂሲ 541 ከሚባል ጋላክሲ የወጣ ጄት ሚንኮውስኪ ኦብጀክት የሚባለውን የጋዝ ክምችት መትቶ ኮከብ እንዲወለድበት አድርጓል። እዚህ ላይ በርሜሌ አይሠራም፣ ተውት።

«እንግዲያው ኳዛር (ጋዝ እየዋጠ ዙሪያው ደምቆ የሚያበራ ብላክ ሆል) ያለባቸው ጋላክሲዎች ኮከብ እየወለዱ ከሆነ፣ ንፋሱ ምንም አያደርግም ማለት ነው» ብሎ ድርቅ ያለም ገጥሞኛል። እሱም አይደለም። ኳዛር በመቶ ሺህ ዓመታት ውስጥ ሊበራና ሊጠፋ ይችላል። የጋላክሲ ጋዝ እስኪያልቅ ግን መቶ ሚሊዮኖች ዓመታት ይፈጃል። ዛሬ የበራው ገና ምንም ላያደርግ ይችላል፤ ሥራውን የጨረሰው ደግሞ ጠፍቶ ይሆናል።

ሳትጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር። «በዓመት ይህን ያህል ፀሐይ» የሚሉት ቁጥሮች ግምት ናቸው። በተለይ ለሞቀው፣ አዮን ለሆነው (አተሞቹ ኤሌክትሮን ለተነጠቁት) ጋዝ፣ የኤሌክትሮኑን ጥግግት አሥር እጥፍ ዝቅ አድርጎ የገመተ ሰው የንፋሱን ክብደት አሥር እጥፍ ከፍ አድርጎ ያገኘዋል፤ የሳሳ ጋዝ ያንኑ ብርሃን ለመስጠት ብዙ መሆን አለበትና።