«የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም»

ሙሉው «እግዜር የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም» ነው። ጅማ ላይ እንደ ተናጋሪው በእግዜር ቦታ አላህ ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ግን ባለቤቱ አይጠራም፣ ማን እንደከፈተው አያጠያይቅምና። የፈጠረ አያስርብም ማለት ነው።

«መዝጋት» ጆሮ ይቆረቁራል። «የሰው ጉሮሮ ዘጋ» ሲባል እንጀራውን ነሣ ማለት ሲሆን እዚህ ግን ማጉረስ ነው፤ ርቦት የተከፈተ አፍ የሚዘጋው በጉርሻ ነው። ክብደቱ ያለው ግን «አያድርም» ላይ ነው። «አይውልም» አልተባለም። ቁርሱም ምሳውም ሊያልፍ ይችላል፤ ተስፋው የማታ ነው። ስለ ከርሞ ደግሞ አንድም ቃል የለበትም።

ይኸው የዕለት ልክ በሁለቱም እምነት መጻሕፍት አለ። አቡነ ዘበሰማያት «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም»፣ የዕለት ምግባችንን ዛሬ ስጠን፣ ይላል። በዘጸአት 16 መናው በነፍስ ወከፍ አንድ ጎሞር (የጥንት መስፈሪያ) ነበር፤ ለሰንበት ከተያዘው በቀር ያደረው ተልቶ ገማ። በቁርኣን ሱረቱ ሁድ 6 የተንቀሳቃሽ ሁሉ ሲሳይ በአላህ ላይ ነው። በሐዲሱ ደግሞ ወፎች በማለዳ ሆዳቸው ባዶ ይወጣሉ፣ ማታ ጠግበው ይመለሳሉ። ይወጣሉ፤ ጎጆ ውስጥ ተቀምጦ የጠገበ ወፍ አልተጠቀሰም።

ቡና የሚለቅም ሰው ይህን የሰጪንና የሠሪን ድርሻ ልዩነት ከእጁ ያውቀዋል። አበባው የበልግ ዝናብ ይጠብቃል፣ ፍሬው ለመቅላት ሰባት ስምንት ወር ይፈልጋል፤ ይህ የሰው ድርሻ አይደለም። የሰው ድርሻ ቀዩን ብቻ መልቀም፣ በሽቦ አልጋ ላይ ከአራት ጣት ባነሰ ውፍረት ማስጣት፣ በቀን ደጋግሞ ማገላበጥ፣ ማታና ዝናብ ሲመጣ መሸፈን ነው። እንዲህ ሲያዝ በሁለት ሦስት ሳምንት ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ይሆናል። ስጋት የሚያበላሸው ይህን ሥራ ነው። ሌባ ይቀድመኛል ያለ ሰው አረንጓዴውን ከቀዩ ጋር ይመለምላል፣ ቶሎ ላስገባ ብሎ አወፍሮ ያሰጣል፤ ከሥር ያለው አየር አጥቶ ይሻግታል፣ ጣዕሙም ይጎመዝዛል። ክረምት ላይ እጁ ያጠረው ደግሞ ፍሬው ዛፍ ላይ ሳለ በርካሽ ይሸጠዋል። የዚህኛው ግን ስጋት ብቻ አይደለም፤ የቤቱ በቆሎ አልቆ ሊሆን ይችላል፣ በዚህ ምሳሌ መገሠጽም አይገባውም።

ማን ለማን እንደሚለው ትርጉሙን ይገለብጠዋል። ደመወዙ የተቋረጠ ሰው ስለ ራሱ ሲለው፣ ወይም ጎረቤት ወጥ ይዞ ገብቶ ሲለው፣ ያጽናናል። ሞሰቡ ሙሉ የሆነ ሰው ደጁ ለቆመ ሲለው ግን ለለማኝ ከሚባለው «እግዜር ይስጥህ» አይለይም፤ ሰሚውም እንቢታ መሆኑን ወዲያው ይገባዋል።